የጠፋ ባል፣ የጠፋች ሚስት፦ በየትኛው መንገድ ይፈታል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ባሌ በ2008 ዓ.ም. ክረምት «የመንገድ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ነው» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ሁለት ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም። መጀመሪያ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ቀጥሎ ያቺ የቴሌ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ማለት ጀመረች። በኋላ ቁጥሩን ሌላ ሰው ይዞት አገኘሁት፤ ሻሸመኔ ያለ ልጅ ነው፣ ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁ።

አራት ዓመት በወረቀት ባለትዳር ሆኜ ብቻዬን ኖርኩ። ያንቀሳቀሰኝ ቤቱ ነው። ሸጬው እናቴ አጠገብ ልሆን ፈልጌ፣ ገዢ ተገኝቶ፣ ውል ልንዋዋል ስንሄድ «ባለቤትሽስ? እሱም ይፈርም እንጂ» ተባልኩ። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ነው፤ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ባለቤቴ የት እንዳለ ባውቅማ እዚያ ምን አመጣኝ።

ከዚያ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዷ ጎረቤቴ «ሁለት ዓመት ካለፈ በራሱ ይፈርሳል» አለችኝ። የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ «በጋዜጣ አስጠሪው» አለ። የዕድራችን ሊቀመንበር ደግሞ «ሽማግሌ ሰብስበን እንጻፍልሽ» አሉ። ሁሉም ከልባቸው ነው። የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ፍቺ አይደለም። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ችሎት በር ላይ አግዳሚ ወንበር ያሞቅኩ ሰው ነኝ። ያየሁትን እያወዳደርኩ ልጻፈው።

መጀመሪያ መመዘኛው

የሚያምታታው «ጠፋ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ጠፋ ስንል ሦስት ነገር ልንል እንችላለን። አንዱ፣ አድራሻው አይታወቅም እንጂ ሰውየው አለ፤ መርካቶ ያየው ሰው አለ፣ ለእህቱ በበዓል ይደውላል። ሌላው፣ ያለችበት አገር ይታወቃል ግን እጅ አይደርስባትም፤ ቤሩት ናት፣ ጅዳ ናት፣ ቁጥሯን ትቀያይራለች። ሦስተኛው፣ ድምፁ የለም፤ መኖሩንም መሞቱንም የሚናገር አንድ ሰው አታገኙም። የምትመርጡት መንገድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚወሰነው እናንተ ከሦስቱ የትኛው ላይ እንዳላችሁ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ ስለ ሰውየው የምታውቁት ነገር ነው።

ቀጥሎ ጊዜ አለ። ስንት ወር መጠበቅ ትችላላችሁ? ከዚያ ገንዘብ፤ የዳኝነት ክፍያ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ጠበቃ ካስፈለገ ጠበቃ፣ የታክሲውን ደግሞ አትርሱት፤ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ጠዋት 2፡30 ችሎት መድረስ በራሱ ወጪ ነው። ቀጥሎ ሰው የማያስበው ግን እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ጽናት ነው፦ ነገ ሰውየው ከች ቢል ውሳኔው ይቆማል ወይስ ይፈርሳል? መጨረሻ ላይ የምትፈልጉት ውጤት። እንደገና ማግባት ነው? ቤት መሸጥ? ልጅ ይዞ ውጭ መሄድ? ሁሉም መንገድ ሁሉንም አይሰጥም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። ጋብቻ ሳይኖራችሁ አብራችሁ ብቻ ከኖራችሁ ፍቺ የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም፤ እንዲህ ያለውን ኑሮ አንዱ ወገን በፈለገ ጊዜ ሊያቆመው ይችላል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግን አብራችሁ ያፈራችሁት የጋራ ስለሚሆን የንብረቱ ጉዳይ ይቀራል።

የትኛው ፍርድ ቤት? እዚህ ዳር ላይ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው

መሀል ከተማ ያለ ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። እኛ ግን ከበረንዳችን ላይ ሆነን ሌላ ክልል እናያለን። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ፍቺውን የሚያየው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ከሆናችሁ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ ናችሁ፣ ኦሮሚያ ማለት ነው። እዚያ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ 69/1995፣ በ83/1996 የተሻሻለ። የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አቤቱታችሁም በዚያው ይጻፋል፣ ካልቻላችሁ አስተርጓሚ ይኖራል።

በጎን ለጎን ሕንፃ የምንኖር ሁለት ሴቶች በሁለት የተለያየ ሕግ እንፋታለን ማለት ነው። ደግነቱ ሕጎቹ በዋናው ነገር ይቀራረባሉ። የመጥሪያው አሠራር በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የመጥፋት ጉዳይ ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ያው ነው። ከዚህ በታች አንቀጽ ስጠቅስ የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ ነው። መታወቂያችሁ የየት እንደሆነና መጨረሻ አብራችሁ የኖራችሁት የት እንደነበር ይዛችሁ መዝገብ ቤት ጠይቁ፤ ከመክፈላችሁ በፊት። እዚህ ሰፈር ክስ ከፍቶ ከሦስት ወር በኋላ «ሥልጣን የለንም» የተባለ ሰው አውቃለሁ።

መንገድ አንድ፦ ካገኛችሁት፣ በስምምነት በውክልና

«አይገኝም» ከማለታችሁ በፊት ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ። እውነቴን ነው። የአንድ ዘመዴ ሚስት ዐረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗት፣ እሱ ጠፋች ብሎ ክስ ሊከፍት ሲል የአክስቷ ልጅ በቲክቶክ አገኘቻት። አንድ መልእክት ላኩላት። በሳምንቱ «እኔም እሱን ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ይፈታ» ብላ መለሰች።

ሁለቱ ከተስማሙ ነገሩ ይቀላል። ፍቺ በስምምነት ሲሆን የፍቺውን ውጤት፣ ማለትም የልጅንና የንብረትን ነገር፣ አብረው ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱ ያጸድቃል። ውጭ ያለው ሰው እዚያው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ ውክልና ይሰጣል፤ ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ውክልናው ውስጥ «ፍቺ» የሚለው ነገር በግልጽ መጻፍ አለበት። «ማናቸውንም ጉዳዬን ያስፈጽምልኝ» የሚል የጅምላ ውክልና ይዞ ሄዶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ዳኛውም ባልና ሚስትን ማነጋገር ስላለበት ጥያቄ ሊያበዛ ይችላል።

ጽናቱ ከሁሉም በላይ ነው፣ ፈርማለችና። ችግሩ፣ በሌላ ወገን ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑ ነው። ዛሬ እሺ ያለ ሰው ነገ ስልክ ይዘጋል።

መንገድ ሁለት፦ የአንድ ወገን ክስ፣ መጥሪያው በጋዜጣ

ለአብዛኞቻችን መንገዱ ይህ ነው፣ እኔም የሄድኩበት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ የምሥራች። የ1992ቱ ሕግ ፍቺን ለአንዱ ወገን ብቻውን የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ማን እንዳጠፋ፣ ስንት ጊዜ እንደመታሽ፣ ከማን ጋር እንደሄደ አስረጂ አትባዪም። ሁለት ዓመት ጠብቂም አትባዪም። ያ የጎረቤቴ «ሁለት ዓመት» ከየት እንደመጣ በኋላ ነው የገባኝ። በድሮው የ1952 ሕግ የትዳርን ቤት ጥሎ ያለበት ሳይታወቅ ሁለት ዓመት መቆየት ለፍቺ ከባድ ምክንያት ተብሎ ይቆጠር ነበር። ያ ክፍል ተሽሯል። ወሬው ግን አልተሻረም። ሌላ ሁለት ዓመት ደግሞ አለ፣ እሱ ወደ ታች ይመጣል፤ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ይፈጫቸዋል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አቤቱታ ይጻፋል፤ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች ልደት ማስረጃ፣ የንብረት ማስረጃ ካለ ይያያዛል። ፍርድ ቤቱ መጥሪያ ያወጣል። መጥሪያ አድራሹ በመጨረሻ አድራሻው ይሄዳል። ካላገኘ «አላገኘሁትም» ብሎ በጽሑፍ ይመልሳል። ከዚያ እናንተ በቃለ መሐላ አስደግፋችሁ «በመደበኛው መንገድ ሊገኝ አልቻለም፣ በሌላ መንገድ ይጠራልኝ» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ዳኛው ካመነ ትዕዛዝ ይሰጣል። መጥሪያው በፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳና በመጨረሻ መኖሪያው በር ላይ ሊለጠፍ፣ ወይም በጋዜጣ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ዘመን ነው። በተባለው ቀን ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይሰማል።

ቁልፉ «ዳኛው ካመነ» የምትለዋ ናት። እኔ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ደረቴን ነፍቼ «አላውቅም ያለበትን» አልኩ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «እናቱን ጠይቀሻል?» አሉኝ። ዝም። «ወንድሙንስ?» ዝም። ከቤተሰቡ ጋር ከተኳረፍን ቆይተናል፤ አልጠየቅኩም ነበር። ቀጠሮው ተለወጠ። ሁለት ወር ከምናምን ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማንንም አልወቅስም። በሚቀጥለው ስመጣ እናቱ ያሉበት ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ፣ እሳቸውም እንደማያውቁ ከነገሩኝ በኋላ የጎረቤታቸውን ምስክርነት ይዤ፣ የመጨረሻ መሥሪያ ቤቱን ጠይቄ፣ የወረዳውን ደብዳቤ አያይዤ መጣሁ። ዳኛዋ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ጻፉና አለፉ።

ስለዚህ ክስ ከመክፈታችሁ በፊት የፍለጋ መዝገብ ያዙ። በደብተርም ይሁን። የትኛው ቀን ማንን ጠየቅሁ፣ ምን አለኝ፣ የትኛው ስልክ ተዘግቷል፣ በፌስቡክ ልኬ ያልመለሰው መልእክት ፎቶ። ዘመዶቹን፣ አሠሪውን፣ የድሮ አከራዩን።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? ምክንያቱም በሌለበት የተሰጠ ውሳኔ ደካማ ጎኑ መጥሪያው ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78፣ የሌለው ወገን ውሳኔውን ካወቀ ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ቀርቦ «መጥሪያ በአግባቡ አልደረሰኝም» ወይም «በበቂ ምክንያት ነው ያልቀረብኩት» ብሎ እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። አድራሻውን እያወቃችሁ «አላውቅም» ብላችሁ ከሆነ ያኔ ታለቅሳላችሁ፤ በሐሰት መማል ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በእውነት ፈልጋችሁ ከሆነ ግን መዝገቡ ይመልስላችኋል።

የጋዜጣው ነገር። ማስታወቂያውን ያዘጋጀው የችሎቱ ራፖር ጸሐፊ የባሌን የአያት ስም አሳስቶ ጽፎት ኖሮ ማስታወቂያው ስህተቱን ይዞ ወጣ። ችሎት ላይ ተያዘ። እንደገና ይውጣ ተባለ፣ እንደገና ከፈልኩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀን፦ ጣታችሁን እያሳረፋችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ብቻ ክፈሉ። በር ላይ መለጠፉም የራሱ ጣጣ አለው። መጥሪያ አድራሹ በነጭ ፕላስተር አራቱን ጥግ አጣብቆ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ደረጃ የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ ቆሞ እያነበበው ነው። የአራተኛ ፎቋ እትዬ ቡና ጠርተውኝ ስለሌላ ነገር ሁሉ አወሩ፣ ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ በላይ የሚያሳፍር ነገር የለም።

ጊዜውስ? ዳኛው አንድ ወገን ብቻ ቢቀርብም «አስቢበት» ብሎ ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ የመስጠት ሥልጣን አለው። የጋዜጣው ቀጠሮ አለ፣ የፍርድ ቤት ክረምት እረፍት አለ። እኔ ከመጀመሪያው አቤቱታ እስከ ፍቺ ውሳኔው አሥራ አንድ ወር ፈጅቶብኛል፣ ሁለቱን ስህተቶቼን ጨምሮ። የንብረቱ ክፍፍል ለብቻው ቀጥሎ ሌላ አንድ ዓመት በላ። በነገራችን ላይ በክሱ መሀል ጊዜያዊ ትዕዛዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብ፣ ስለ ንብረቱ አስተዳደር። ሰውየው በድብቅ ንብረት ይሸጣል ብላችሁ ከሠጋችሁ እግድ ጠይቁ።

ንብረት ላይ አንድ የተለመደ የተሳሳተ ተስፋ አለ፦ «ጥሎኝ ስለሄደ ሁሉም የኔ ነው»። አይደለም። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል ያስረዳ። የሱ ግማሽ የሱ ነው፣ ባይኖርም። እኔም እስካሁን ድርሻውን አስቆጥሬ አስቀምጫለሁ። የኮንዶሚኒየም ዕዳ ስትከፍሉ ከኖራችሁ ግን የባንክ ደረሰኞቻችሁን በሙሉ አቅርቡ፤ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

መንገድ ሦስት፦ የመጥፋት ውሳኔ

ያ ሌላኛው ሁለት ዓመት ይኸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ስለራሱ ምንም ወሬ ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ማንም ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ማመልከት ይችላል ይላል። የሚያየው የጠፋው ሰው የመጨረሻ ዋና መኖሪያ ያለበት ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ የፌዴራልና የከተማ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ስለሚለያይ፣ የትኛው እንደሚቀበላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ማመልከቻው ይፋ እንዲሆን ይደረጋል፤ የሚያውቀው ካለ እንዲናገር።

ውሳኔው የመጨረሻ ሲሆን ጋብቻው በዚያው ይፈርሳል። በቤተሰብ ሕጉም አንቀጽ 75 ላይ ጋብቻ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች አንዱ ሞት ወይም የመጥፋት ውሳኔ ነው። የተለየ የፍቺ ክስ አያስፈልግም።

ሲሰማ ያምራል። ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ወሬ መጥፋት ማለት ወሬ መጥፋት ነው። ባለፈው ፋሲካ ለእህቱ ከደወለ ሁለት ዓመቱ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤ እህቱም መጥታ ትመሰክራለች። ሁለተኛ፣ ውጤቱ ፍቺን ሳይሆን ሞትን ይመስላል። የሱ ድርሻ ወራሾቹ ዘንድ ይሄዳል። ልጆች ካላችሁ ለልጆቹ ነው፣ ጥሩ። ልጅ ከሌለ ግን ወላጆቹና ወንድሞቹ በሩን ያንኳኳሉ፣ ከክሱ በፊት ያልነበሩ ሰዎች ሁሉ ችሎት ላይ ይሰለፋሉ። ሰውየው ከተመለሰ ደግሞ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ መልሶ መጠየቅ ይችላል።

ለማን ይሆናል? በእውነት ድምፁ ለጠፋ። በበረሃ መንገድ ወደ ሊቢያ ተነሥቶ ከዚያ ወዲህ ላልተሰማ፣ በጦርነት መሀል ለጠፋ ሰው ቤተሰብ። እንዲህ ያለች እናት «ፍቺ» የሚለውን ቃል አፏ ላይ ማምጣት አትፈልግም፤ ባሏ አልከዳትም። ለእሷ ይህ መንገድ ለስሜቷም የቀረበ ነው። ባሌ ሌላ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል ብላ ለምትጠረጥር ግን አይሆንም።

መንገድ አራት፦ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ወይም ሽማግሌ

የዕድራችን ሊቀመንበር እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ሽማግሌ ማፋታት አይችልም። በሕጉ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው (አንቀጽ 117)። ሽማግሌ ቢበዛ ያስታርቃል፣ እዚህ ደግሞ የሚታረቀው ሰው የለም። የጻፉላችሁ ወረቀት ለፍርድ ቤት ምስክርነት ይሆናችኋል፣ ያ ብዙ ነው፤ ፍቺ ግን አይደለም። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም የሁለቱን ወገን ፈቃድ ይፈልጋልና ያለ ጥሪ አይሆንም።

ዝም ማለትስ? «አሥር ዓመት ተለያይተናል፣ ማን ይጠይቀናል» የሚሉ አሉ። የሰበር ችሎት፣ የመጨረሻው የሕግ ስህተት አራሚ ማለት ነው፣ በመዝገብ ቁጥር 20938 ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት የመሠረቱ ባልና ሚስት ያለ ፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔም ጋብቻቸው በሁኔታ ፈርሷል ብሎ ያውቃል። ሰው ይህን ሰምቶ ይቀመጣል። ግን ይህ የተባለው መቼ ነው? ነገሩ ክርክር ሆኖ እስከ ሰበር ከተጓዘ በኋላ። እናንተ ወረዳ ሄዳችሁ «ጋብቻዬ በሁኔታ ፈርሷል» ብትሉ ያላገባ ሰርተፍኬት የሚሰጣችሁ ሰው የለም። ያላገባ ወረቀት ሳይኖር ቤት መሸጥም፣ በማዘጋጃ ማግባትም አይሞከርም። በዚህ መሀል ሌላ ብታገቡ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 አለ፦ በጋብቻ ላይ ጋብቻ፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት።

ነፃ ነው። ያለው ጥቅም ይኸው ነው።

በአንድ ዓይን

| | በስምምነት በውክልና | ክስ፣ መጥሪያ በጋዜጣ | የመጥፋት ውሳኔ | መቀመጥ / ሽማግሌ |
|---|---|---|---|---|
| ለማን | ተገኝቶ እሺ ላለ | አለ ግን አድራሻው ለማይታወቅ | ሁለት ዓመት ወሬ ለሌለው | ለማንም |
| ጊዜ | ከክስ ያጥራል | ወራት፤ ንብረት ካለ ከዓመት በላይ | ሁለት ዓመቱ ከሞላ በኋላ ወራት | መጨረሻ የለውም |
| ወጪ | ውክልና፣ መላኪያ፣ ማረጋገጫ | የዳኝነት፣ የጋዜጣ፣ ምናልባት ጠበቃ | የማመልከቻና የማስታወቂያ | የለም፤ ኋላ ይመጣል |
| ሰውየው ቢመለስ | የሚያነሣው ነገር ጥቂት ነው | ባወቀ በአንድ ወር ይነሣልኝ ሊል ይችላል | ንብረቱን ሊጠይቅ ይችላል | ጋብቻው እንዳለ ነው |
| ንብረት | እንደ ስምምነቱ | ለሁለት ይካፈላል | የሱ ድርሻ ለወራሾች | ተሳስሮ ይቀራል |
| ድጋሚ ማግባት | ይቻላል | ይቻላል | ይቻላል | አይቻልም |

እናንተስ የትኛው ላይ ናችሁ?

እጃችሁ ላይ ገንዘብ ከሌለ፦ ፍቺውን ብቻ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የንብረቱን ለይታችሁ አቆዩት። የዳኝነት ክፍያ በንብረቱ ግምት ስለሚወጣ ሸክሙ እዚያ ላይ ነው። መክፈል እንደማትችሉ ከወረዳ ማስረጃ አምጥታችሁ ያለ ክፍያ ለመክሰስ መጠየቅም ይቻላል። ሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጋ ሂዱ፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ክርክር የሌለው ፍቺ ላይ ጠበቃ የግድ አይደለም። ቤት፣ መሬት፣ መኪና ካለ ግን በጠበቃ ላይ አትሰስቱ።

ለማግባት ከቸኮላችሁ፦ መንገድ ሁለት። ሴቶች ከፍቺው በኋላ ደግሞ 180 ቀን የመቆያ ጊዜ እንዳለ አትርሱ። እርጉዝ አለመሆን በሐኪም ከተረጋገጠ ይቀራል፤ ስለዚህ የሠርግ አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት ሐኪም ቤት።

ጭንቀታችሁ ልጅ ከሆነ፦ በፍቺ አቤቱታው ላይ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖርና ማን ሞግዚትና አሳዳሪ እንደሚሆን በግልጽ ጠይቁ። ለልጅ ፓስፖርት ስትሄዱ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቀለብም ጠይቁ። ዛሬ የሚከፍል የለም፣ አውቃለሁ፤ ነገ ደመወዙ ወይም የሚከራይ ቤቱ ሲገኝ ግን ውሳኔው እጃችሁ ላይ ይሆናል።

ሚስት የጠፋችባችሁ ወንዶች፦ ሕጉ ለእናንተም ያው ነው። ያየኋቸው ወንዶች ግን ፍለጋው ላይ ይሰንፋሉ። ቤተሰቦቿ ዘንድ መሄድ ያሳፍራችኋል። ሂዱ።

የጠፋውም ወገን ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ልጃችን ይመለሳል፣ ስሙን አታጥፊ» ይላል። የባሌ እናት ደብረ ብርሃን ላይ በመጨረሻ ያሉኝ፣ «እኔም እየጠበቅኩት ነው ልጄ። አንቺ ግን አትጠብቂ» ነው። በራቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። የጎረቤታቸውን ምስክርነት ያስጻፉልኝ እሳቸው ናቸው።

ውሳኔው ሲወጣ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ከአንድ በላይ አውጡ። በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ፍቺውን አስመዝግቡና የፍቺ የምስክር ወረቀት ውሰዱ፤ የነዋሪነት መታወቂያችሁ ላይ «ያገባ» የሚለውም ያኔ ይቀየራል። ጋዜጣውን አትጣሉት። የኔ ከልጄ ካርድ ጋር በላስቲክ ውስጥ ነው። ገጹ ላይ የባሌ ስም ከአንድ የጠፋ ሊብሬ ማስታወቂያ ሥር ወጥቷል፤ ሊብሬውን ያገኘ እንዲመልስ ይላል።

ባለፈው ጥቅምት በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ድምፁን ወዲያው ለየሁት። እንዴት ነሽ፣ ልጅቷስ እንዴት ናት፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «ቤቱስ?» አለ። ከመሳቢያው ውስጥ ላስቲኩን አወጣሁና የመዝገብ ቁጥሩን፣ ችሎቱን፣ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን አንድ በአንድ አነበብኩለት። ደግሞ እንድነግረው ጠየቀኝ፣ ደገምኩለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ካላንደሩ ላይ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩ። አንድ ወሩ ከዚያ ቀን ነው የሚቆጠረው።